ኮንቪክት ሲክሊዶቼ ከሌሎች ዓሦች ጋር ባሉበት አኳሪየም ወለዱ፤ ጫጩቶቹን ላውጣ ወይስ ልተዋቸው?

የሰሚት_ልጅ
ሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ባለ 200 ሊትር አኳሪየም አለኝ፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲ ነው። ውስጡ ጥንድ ኮንቪክት ሲክሊድ፣ ሶርድቴሎች፣ ጥቂት ትላልቅ ቴትራዎችና አንድ ፕሌኮ (መሬት ለመሬት የሚሄደው ዓሣ) አሉ። እስካሁን ተቻችለው ነበር የሚኖሩት።

ሰሞኑን ኮንቪክቶቹ በግራ በኩል ያስቀመጥኳት አንገቷ የተሰበረ ጀበና ውስጥ ገብተው አልወጣም አሉ። ሴቷ ሆዷ ላይ ያለው ብርቱካንማ ቀለም በጣም ደምቋል። ዛሬ ጠዋት መብራት ሳበራ የጀበናዋ አፍ ላይ አቧራ የሚመስል ነገር ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ሳይ ለካ ጫጩት ነው! ብዛቱ አይቆጠርም።

ችግሩ ሌሎቹ ናቸው። ሶርድቴሎቹ በሙሉ ቀኝ ጥግ ላይ ሂተሩ ጀርባ ተጠጋግተው ቆመዋል። ወጣ ያለ ሁሉ ይነከሳል። የፕሌኮው ጅራት ተበጣጥሷል።

ጫጩቶቹን ላውጣቸው ወይስ ከወላጆቻቸው ጋር ልተዋቸው? ምንስ ላብላቸው? እዚህ የዓሣ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ጋ ያለው ተራው የዓሣ ምግብ ብቻ ነው። መብራቱንም ታውቁታላችሁ፣ ይመጣል ይሄዳል።


ጋሽ_ገንዳ
ሰኞ ማታ

እንኳን ማርያም ማረቻት! ለሴቷ ማለቴ ነው።

ኮንቪክት የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣ ነው። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ ውስጥ በወንዝና በሐይቅ ዳር ድንጋይ ለድንጋይ ይኖራል። እዚያ ጠላቱ ብዙ ነው። አብዛኛው ዓሣ እንቁላሉን በትኖ ይሄዳል፣ ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ግን አሳዳጊ ነው። ኮንቪክት ላይ ደግሞ አባትም እናትም እኩል ይቆማሉ። ሴቷ ከጫጩቶቹ አትርቅም። ወንዱ ዙሪያውን እየዞረ የመጣውን ያባርራል። ፕሌኮህን የነከሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጊዜውን ልንገርህ። ውሃው 26 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ እንቁላሉ በ3 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ወዲያው አይዋኝም። ሆዱ ላይ የተንጠለጠለችውን አስኳል እየተመገበ ጅራቱን ያወራጫል። ወላጆቹ በአፋቸው እያነሱ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያዛውሩታል። ብዙ ሰው ይሄኔ «ልጆቻቸውን በሉ» ብሎ ይደነግጣል። አልበሉም፣ ቤት እየቀየሩ ነው። ከዚያ 4 ወይም 5 ቀን ቆይቶ መዋኘት ይጀምራል። አንተ ዛሬ ያየኸው ይህን ነው። ምግብ የሚፈልገውም ከዛሬ ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ላውጣ ወይስ ልተው ከማለትህ በፊት ገንዳው የማን እንደሆነ ወስን። ቀን ቀን ለጫጩቶቹ አትስጋ፣ ለሶርድቴሎቹ ስጋ። ኮንቪክት ልጅ ይዞ 120 ሴንቲ ገንዳ ውስጥ ለጎረቤት የሚተወው ቦታ ያቺ ሂተር ጀርባ ያለችው ጥግ ብቻ ናት። በዚህ ከቀጠለ አንድ ጠዋት የሞተ ሶርድቴል ታገኛለህ።

ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ጨለማ ውስጥ ወላጆቹ እንደ ቀኑ አያዩም። ፕሌኮው ደግሞ ደፍሮ የሚወጣው ያኔ ነው። መሬት ላይ የተከማቸ ጫጩት ላይ አንዴ ካለፈበት አለቀ።

እኔ ብሆን ጫጩቶቹን አልነካም፣ ሌሎቹን አወጣለሁ። ሌላ ገንዳ ከሌለህ ገንዳውን በወንፊት ክፈለው። ሁለት ሦስተኛውን ለሌሎቹ፣ አንድ ሦስተኛውን ለኮንቪክቶቹ። ማታ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ደብዘዝ ያለች አምፖል ትብራ።


ፈታ_በሉ
ሰኞ ማታ

ለጾም ይደርሱልናል? በርበሬ ላዘጋጅ?


የሰሚት_ልጅ
ሰኞ ማታ

@ፈታ_በሉ አንዱ ከምስር ፍሬ ያንሳል ወንድሜ። አንድ ድስት ለመሙላት ሦስት ጾም ትጠብቃለህ።

@ጋሽ_ገንዳ በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። እርስዎ ወንፊት ያሉት ምን ዓይነት ነው? ቤት ውስጥ ትርፍ አጎበር አለ፣ እሱ ይሆናል?


ኬሚስቱ
ማክሰኞ ጠዋት

አጎበሩን እንዳትነካው!!!

የአልጋ አጎበር አብዛኛው በፀረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነው። መድኃኒቱ ፓይሬትሮይድ ይባላል። ለሰው ብዙም የማይጎዳው መጠን ለዓሣ መርዝ ነው። 200 ሊትሩ በሙሉ ያልቅልሃል። በዚሁ አጋጣሚ አኳሪየም ያለበት ክፍል ውስጥ የትንኝና የበረሮ ፍሊት አይነፋም። የአየር ፓምፑ ከክፍሉ የሳበውን ነው ውሃው ውስጥ የሚነፋው።

የመስኮት ወንፊት ግዛ። የፕላስቲኩን፣ የብረቱን አይደለም፣ ይዝጋል። ዳርና ዳሩን በፕላስቲክ ፍሬም ወጥረህ እስከ መሬት አድርሰው፣ ከዚያ አሸዋ ክመርበት። ኮንቪክት ቆፋሪ ነው። በታች በኩል ቀዳዳ ካገኘ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆፍር አድሮ ጠዋት ወዲያ ማዶ ታገኘዋለህ።

የፊልተርህን መሳቢያም በስፖንጅ ሸፍን። ስፖንጅ ከሌለህ የሴት ስቶኪንግ ቆርጠህ በላስቲክ እሰርበት። ጫጩት በብዛት የሚጠፋው በሌላ ዓሣ አፍ ብቻ አይደለም፣ ፊልተር ውስጥም ነው።


ኤንጅሏ
ማክሰኞ ማታ

ከሜሪላንድ ነኝ። ከጋሽ ገንዳ ጋር ትንሽ ልከራከር፣ በአክብሮት።

እኔ የማረባው ኤንጅልፊሽ ነው። እሱም ሲክሊድ ነው፣ ከአማዞን። የኔም ገንዳ እንዳንተው የጋራ ነው፣ ቴትራና ኮሪዶራስ አለበት። ወላጆቹን አምኖ መተው ለኔ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ሰፊ ቅጠል ላይ ቁልቁል ደርድረው ይወልዳሉ፣ ሁለት ቀን በክንፋቸው ሲያራግቡ ይቆያሉ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት አንዷ ቴትራ ትጠጋና ይደነግጣሉ። ጠዋት ቅጠሉ ባዶ ነው። ራሳቸው ናቸው የሚበሉት። ወጣት ጥንድ ሲሆኑ ደግሞ ማንም ሳይነካቸውም ይበላሉ።

ስለዚህ እኔ እንቁላሉን ከነቅጠሉ ነው የማወጣው። ቅጠል ላይ እንዳይወልዱ አንድ ቁራጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ (ስሌት የሚባለውን) አጋድሜ አቆምላቸዋለሁ፣ እሱ ላይ ይወልዳሉ። ድንጋዩን ከውሃው ሳላወጣ በትንሽ ዕቃ ከነውሃው ቀድቼ ወደ 40 ሊትሩ ገንዳ አዛውራለሁ። ውሃው ያው የዋናው ገንዳ ውሃ መሆን አለበት። የአየር ድንጋዩን (የፓምፑን አየር በአረፋ የሚያወጣውን) እንቁላሉ ጎን አደርገዋለሁ፣ አረፋው እንቁላሉን አይነካም፣ ውሃው ግን ይንቀሳቀሳል። የእናቲቱን ማራገብ የሚተካው ይህ ነው። ሜቲሊን ብሉ ጠብ አደርጋለሁ፣ ሻጋታ ይከለክላል። ነጭ የሆነው እንቁላል ያልጸነሰ ነው። ሻጋታ የሚጀምረው ከሱ ስለሆነ በጠብታ መስጫ አንድ በአንድ እለቅመዋለሁ። እንቁላሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ደግሞ ጥንዱን ጠርጥሩ። ሁለት ሴት ኤንጅሎች ተጣምረው ይወልዳሉ፣ ሳይጸነስ ማለት ነው።

በ27 ዲግሪ ሁለት ቀን ተኩል አካባቢ ይፈለፈላል። ለጥቂት ቀን ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይርገፈገፋል፣ ከዚያ ይዋኛል።

የሰሚት ልጅ፣ ቢያንስ ግማሹን አውጣ ባይ ነኝ። ቱቦ ካለህ ማታ ጉድጓድ ውስጥ ሲሰበስቧቸው መሳብ ቀላል ነው።


ጋሽ_ገንዳ
ማክሰኞ ማታ

ኤንጅሏ፣ ያልሽው ለኤንጅልፊሽ ልክ ነው። የገበያው ኤንጅል ለብዙ ትውልድ ያለ ወላጅ ነው ያደገው። እንቁላሉን ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ያሳድገዋል። ጥሩ አሳዳጊ የሆነውና ያልሆነው የሚለይበት መንገድ ጠፋ። ኮንቪክት ግን አሳዳጊነቱ አልተነካም።

እስቲ አንድ ነገር ተመልከት የሰሚት ልጅ። ምግብ ከሰጠህ በኋላ ወንበርህን ሳብ አድርገህ ቁጭ በል። ወላጆቹ መሬት ላይ ሆዳቸውን አስጠግተው በጎን ክንፋቸው አሸዋውን ቦጨቅ ቦጨቅ ያደርጉታል። ከአሸዋው ውስጥ ደቃቅ ነገር ይነሳል። ጫጩቶቹ ተሯሩጠው ይመጣሉ። የደረቀ ቅጠል ካለም በአፋቸው ገልበጥ ያደርጉላቸዋል። ሴቷ ደግሞ አደጋ ሲመጣ የሆድ ክንፎቿን ፈጠን ፈጠን አድርጋ ታራግባለች፣ ጫጩቱ ሁሉ ወዲያው ወደ መሬት ይወርዳል። ይህን ትምህርት በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አንተ አትሰጠውም።

ግማሹን ማውጣት ግን ክፋት የለውም። መጠባበቂያ ይሆናል።


የሰሚት_ልጅ
ማክሰኞ ማታ

እሺ። ሃምሳ ያህሉን ነገ በቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ ላውጣ፣ የቀረው ከወላጆቹ ጋር ይሁን። ወንፊቱን ገዝቻለሁ። አሁን ምግቡን ንገሩኝ። የእንቁላል አስኳል የሚሉ አሉ።


ኬሚስቱ
ረቡዕ ጠዋት

አስኳል ይሆናል፣ ግን ውሃ ያበላሻል። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉን የሽሮ ቅንጣት ታህል በነጠላ ጨርቅ ጨምቀህ ስጥ። ከዚያ በላይ ከሆነ ማታ ውሃው ወተት ሆኖ ይጠብቅሃል። የኮንቪክት ጫጩት ጥሩነቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደረቅ ምግብ መብላቱ ነው። ያንን ተራ የዓሣ ምግብ በጣትህ መሃል እንደ ዱቄት እስኪሆን ፍጨው። በውሃ በጥብጠህ በመርፌ ሲሪንጅ (መርፌው ይነቀል) ጫጩቶቹ መሃል ልቀቀው። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት።

ምርጡ ግን አርቴሚያ ነው። ትንሽ የጨው ውሃ ፍጥረት ነው። እንቁላሉ ደርቆ በቆርቆሮ ይሸጣል። እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጣ። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ፍሪጅ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

አፈላፈሉ ቀላል ነው። የ2 ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጠህ ዘቅዝቀው። አንድ ሊትር ውሃ ጨምር፣ 25 ግራም ጨው፣ ያው አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። የወጥ ጨው ይሠራል። ሩብ የሻይ ማንኪያ እንቁላል በትን፣ የአየር ቱቦውን እስከ ክዳኑ አውርድና ጠንከር አድርገህ አስነፋው። 26 እስከ 28 ዲግሪ ሞቆ፣ መብራት አግኝቶ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈለፈላል። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ሃይላንዷን አኳሪየሙ ጎን አስጠግተህ በጨርቅ ጠቅልላት፣ አለበለዚያ ሁለት ቀን ያልፋል።

ስታወጣ አየሩን አጥፋ። ባዶው ቅርፊት ከላይ ይንሳፈፋል። ያልተፈለፈለው ከታች ይዘቅጣል። የተፈለፈለው ብርቱካንማ ሆኖ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ ብርሃን ይከተላል። እሱን ብቻ በቱቦ ሳብ፣ በጨርቅ አጥልል፣ ጨው በሌለው ውሃ አለቅልቅና ስጥ። ቅርፊቱን አትስጣቸው፣ ለትንሽ ጫጩት አንጀት ይዘጋል። በልተው ሲጠግቡ ሆዳቸው ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከመስታወቱ ውጭ ሆነህ ታየዋለህ።


አጃ_ገንፎ
ረቡዕ ጠዋት

አርቴሚያ ለሌለው ሰው ማይክሮ ትል አለ። የአጃ ገንፎ ወፈር አድርገህ ሠርተህ ካቀዘቀዝክ በኋላ በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጠህ እርሾ ነስንስበት፣ ከዚያ ከሰው ያገኘኸውን ትል በማንኪያ ጫፍ ጨምርበት። ሳምንት ሳይሞላ ትሉ የዕቃውን ግድግዳ መውጣት ይጀምራል። በጣትህ ጠርገህ ውሃው ውስጥ ማስገባት ነው። ወደ መሬት ስለሚዘቅጥ መሬት ለመሬት ለሚለቅም እንደ ኮንቪክት ላለ ጫጩት በጣም ጥሩ ነው። ሽታው ግን ኮምጣጣ ነው፣ ሚስት ያለው ሰው በረንዳ ላይ ያስቀምጠው። እኔ ጋ አለ፣ መገናኛ አካባቢ የሆነ ሰው መጥቶ ይውሰድ።


ኬሚስቱ
ረቡዕ ማታ

ስለ ውሃና ስለ መብራት ያልተነሳ ነገር አለ።

ብዙዎቻችን የውጭ ቪዲዮ አይተን ነው የምንሠራው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚህ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ26 ዲግሪ ውሃ ከባሕር ጠለል ላይ 8 ሚሊግራም ኦክስጅን በሊትር የሚይዝ ከሆነ፣ እዚህ የሚይዘው 6 አካባቢ ነው። የዓሣው ቁጥር፣ የፊልተሩ አቅም፣ የምግቡ መጠን እኩል ሆኖ እንኳን የኛ ገንዳ ከነሱ በቶሎ ይታፈናል። ስለዚህ «200 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የሚለውን ቀነስ አድርገህ ውሰደው። የአየር ፓምፕ ለኛ ጌጥ አይደለም።

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያልቀው ሙቀቱ ሳይሆን አየሩ ነው። በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዛና በፓወር ባንክ አስነሳው። ከሱ ጋር ስፖንጅ ፊልተር ካያያዝክ ፊልተርህም አልቆመም ማለት ነው። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። 200 ሊትር ውሃ በጋቢ ከተሸፈነ ብዙ ሰዓት ይቆያል። የጫጩቶቹ ትንሽ ዕቃ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል፣ ስለዚህ እሱን ትልቁ ገንዳ ውስጥ አንሳፈው። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጥ። ውጭ የሚቀመጥ ፊልተር ካለህና ብዙ ሰዓት ከቆመ፣ መብራት ሲመጣ ዝም ብሎ እንዲነሳ አትፍቀድለት። ውስጡ የታፈነው ውሃ ይገማል። ከፍተህ በገንዳው ውሃ አለቅልቀህ መልሰው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። በባልዲ ሌሊቱን ሙሉ በአየር ፓምፕ ካስነፋኸው ይወጣል። ለጫጩት በየቀኑ 10 በመቶ መቀየር በሳምንት አንዴ ግማሹን ከመቀየር ይሻላል። ሙቀቱ እኩል ይሁን።


ኤንጅሏ
ረቡዕ ማታ

ውጭ ያላችሁ ግን ባልዲ ውስጥ ማሳደሩ ላይሠራላችሁ ይችላል። አሜሪካ ብዙ ከተሞች ውሃው ውስጥ የሚጨምሩት ክሎራሚን ነው። እሱ በማስነፋት በቀላሉ አይወጣም፣ የውሃ ማስተካከያ መድኃኒቱን መግዛት ግድ ነው።


አሞራ_ገደል
ሐሙስ

እናንተ ሲክሊድ ሲክሊድ ስትሉ ከሐዋሳ ሆኜ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ቆሮሶም እኮ ሲክሊድ ነው! እዚህ ሐይቁ ዳር በየቀኑ የምንበላው።

ቆሮሶ ግን ጀበና አያስፈልገውም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ አሸዋውን ቆፍሮ ሰሃን የሚመስል ጎድጓዳ ይሠራል። ሴቷ መጥታ ትወልድና ወዲያው እንቁላሉን በአፏ ትሰበስባለች። የሚፈለፈለው አፏ ውስጥ ነው። ከተለቀቁም በኋላ ጥላ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ሲጎትቱ አፏን ሞልታ የተያዘች ሴት ያጋጥማቸዋል።

አኳሪየም ውስጥ ለማሳደግ ግን አትሞክሩት። ትልቅ ይሆናል፣ አትክልቱን ይበላል፣ ገንዳውን ይገለብጣል።


ነታንያ
ሐሙስ ማታ

አሞራ ገደል፣ እኛም እዚህ እስራኤል የገሊላ ባሕር ላይ የሱ ዘመድ አለን። ጴጥሮስ ከአፉ ገንዘብ ያወጣበት ዓሣ ነው እያሉ ለጎብኚ ጠብሰው ይሸጡታል። እሱም ልጁን በአፉ ነው የሚያሳድገው። ገንዘቡ የመጣው ከዚያ ይሁን አይሁን እንጃ።

እኔ የማረባው የማላዊ ሐይቅ ሲክሊድ ነው፣ ቢጫዎቹን ላቢዶክሮሚስ። ለጋራ ገንዳ ከኮንቪክት የሚቀለው ይህ ነው ባይ ነኝ፣ ጎረቤቶቹም የማላዊ ከሆኑ። ምክንያቱም እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ስለምትዞር ቦታ አትይዝም፣ ማንንም አትነክስም። ወንዱ ከጅራቱ በታች ባለው ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስል ነጥብ አለው። ሴቷ ወልዳ እንቁላሉን ወዲያው ወደ አፏ ታስገባለች። ነጥቡን የቀረ እንቁላል መስሏት ልትለቅም ስትጠጋ ወንዱ ዘሩን ይለቃል፣ የሚጸነሰው አፏ ውስጥ ነው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ አትበላም። ጉንጯ ያብጣል፣ ሆዷ ይጎድላል።

በጋራ ገንዳ ውስጥ የምትተፋቸው ጫጩቶች ግን ዕድላቸው ጠባብ ነው። ድንጋይ ብዙ ካለ ሁለት ሦስቱ ይተርፋሉ። ብዙ ማትረፍ የፈለገ 18 ቀን ካለፈ በኋላ እናቲቱን በጥንቃቄ ይይዝና ወደ ታች ደፍቶ አፏን በስሱ ከፈት ያደርጋል። ሃያ ሠላሳ ጫጩት ትተፋለች። እጅ እርጥብ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተለያዩ የማላዊ ዝርያዎች አንድ ገንዳ ውስጥ ካሉ እርስ በርስ ይዳቀላሉ። የወንዱን ማንነት በዓይንህ ካላየህ ጫጩቱን በዝርያ ስም ለሰው አትስጥ። ገበያው በዲቃላ የተሞላው በዚህ ነው። ውሃው ደግሞ ጠንካራ (ማዕድን የበዛበት) መሆን አለበት፣ ፒኤች 8 አካባቢ። የጉድጓድ ውሃ ያላችሁ ለካችሁ እዩት።


ፈታ_በሉ
ሐሙስ ማታ

ሦስት ሳምንት አፏን ዘግታ? ይህን ዝርያ አማቴ ቤት አስገቡልኝ።


የሰሚት_ልጅ
እሑድ

ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

ወንፊቱ ገብቷል። የመጀመሪያው ማታ ወንዱ ወንፊቱን ሲደበድበው አመሸ። ማዶ ያሉትን ሶርድቴሎች ስለሚያያቸው ነው መሰለኝ። ወንፊቱ ሥር ድንጋይና አትክልት ደረደርኩ፣ ተረጋጋ። ሶርድቴሎቹ ከሂተሩ ጀርባ ወጥተው መብላት ጀምረዋል። የፕሌኮው ጅራትም ዳሩ ላይ ነጭ አዲስ ሥጋ እያወጣ ነው።

ጋሼ ያሉትን አየሁ። ወንዱ ሆዱን አሸዋው ላይ አስጠግቶ በክንፉ ይቦጫጭቃል፣ ጫጩቶቹ ከጭንቅላቱ ሥር ይገባሉ። አንዱ ራቅ ሲል ሴቷ ሄዳ ዋጠችው! በላችው ብዬ ስደነግጥ ተመልሳ መጥታ መንጋው መሃል ተፋችው። ያወጣኋቸው ሃምሳዎቹ ደግሞ ደህና ናቸው፣ ግን ከወላጆቻቸው ጋር ካሉት ያነሱ ይመስላሉ። ምግቡ እኩል ነው።


ጋሽ_ገንዳ
እሑድ

የዕቃው ውሃ ቶሎ ስለሚቆሽሽ ነው። ደግሞ እነዚያ ቀኑን ሙሉ ከአሸዋው ሲለቅሙ ይውላሉ፣ እነዚህ አንተ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። አሁን ሃምሳዎቹን መልሳቸው ብልህ ታምነኛለህ? ኮንቪክት የሌላ ወላጅ ጫጩት እንኳን ይቀበላል፣ ከራሱ ልጆች እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ። ትልቅ ከሆነ ግን ይበላዋል። ስለዚህ ሳይዘገይ፣ ማታ መብራት አጥፍተህ ጉድጓዱ አጠገብ ልቀቃቸው።


የሰሚት_ልጅ
ሰኞ

መለስኳቸው። ጠዋት አንድ ላይ ናቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሁሉም ካደጉ የት አደርጋቸዋለሁ? አንድ ጓደኛዬ «ሲያድጉ ቢሾፍቱ ሄደህ ሐይቅ ውስጥ ልቀቃቸው» ይላል።


ጋሽ_ገንዳ
ሰኞ

በፍጹም! ጓደኛህን አትስማው።

ኮንቪክት የትም ይራባል። አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ውስጥ ሄዝልውድ የሚባል የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ኩሬ ነበር። ሞቃት ውሃ ነው። ከአኳሪየም የወጣ ኮንቪክት እዚያ ገብቶ ተራብቶ ቀረ። የኛ ሐይቆች ሙቀት ይስማማዋል። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። እንቁላል የሚበላና ዳር ዳሩን ይዞ ሌላውን የሚያባርር ዓሣ መሃላቸው መልቀቅ ወንጀል ነው በኔ እይታ። ወደ ወንዝም ቢሆን፣ ወደ ኩሬም ቢሆን አይለቀቅም።

መፍትሔው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወላጆቹ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና መውለድ ይፈልጋሉ። ያኔ የፊተኞቹን ልጆች ማባረር ይጀምራሉ። ልጆቹን ወደ ማዶ አሳልፋቸው፣ ወንዱን ደግሞ ከሴቷ ለየው። ጀበናዋን አውጣ። ውሃውን ወደ 23 ዲግሪ አውርደው። ፍላጎታቸው ይቀዘቅዛል። ሳያቋርጡ እንዲወልዱ ከተውካቸው በዓመት ውስጥ አዲስ አበባን በኮንቪክት ታጥለቀልቃለህ፣ የሚፈልገውም ሰው ያልቃል።


ኬሚስቱ
ሰኞ

ካደጉ በኋላ ጠማማ አከርካሪ ያለውን፣ አንድ ክንፍ የጎደለውን፣ የማይበላውን ለይ። እነሱን ለሰው አትስጥ። ለትልልቅ ዓሣ የሚያበላ ሰው ካለ ለሱ ይሁኑ። ጨካኝ ነው የሚለኝ ይኖራል፣ ተፈጥሮ ውስጥ ግን ከመቶ የሚተርፈው ጥቂት ነው።


ኤንጅሏ
ሰኞ ማታ

እኔ ጋ ያለው የዓሣ ሱቅ የሳንቲም ያህል ስፋት ያላቸውን ኤንጅሎች ተቀብሎ በምግብና በዕቃ ይለውጥልኛል። ለኮንቪክት ግን «አይ ይቅርብን» ነው መልሱ። ሁሉም ሰው ጋ ስላለ። የሰሚት ልጅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ገና አዲስ ነገር ስለሆነ አንተ ዕድለኛ ነህ፣ ተጠቀምበት።


ጀሞ_ሦስት
ማክሰኞ

የሰሚት ልጅ፣ ከደረሱ ጥንድ ስጠኝ። 150 ሊትር ገንዳ አለኝ፣ ሌላ ዓሣ የለበትም።


የሰሚት_ልጅ
ማክሰኞ

በደስታ። ግን ሁለት ወር ያህል ጠብቅ። ጋሼ፣ ወንድና ሴት በምን ይለያሉ ገና ትንሽ ሆነው?


ጋሽ_ገንዳ
ማክሰኞ

3 ወይም 4 ሴንቲ ሲደርሱ ሴቷ ሆዷ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ታወጣለች። ወንዱ አያወጣም። በብዙ ዓሣ ወንዱ ነው የሚያምረው፣ ኮንቪክት ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ሲያድጉ ወንዱ ይበልጣታል፣ የጀርባ ክንፉም ይሾላል።

ጀሞ ሦስት፣ ጥንድ አትውሰድ። ስድስት ያህል ወስደህ አብረህ አሳድግና ራሳቸው ይጣመሩ። አንተ ያጣመርካቸው ከተጣሉ ወንዱ ይገድላታል። ከተጣመሩ በኋላ የቀሩትን መልስለት። ከተቻለ ሌላ ሰው ጋ ካለ ኮንቪክት ጋር ቀላቅል፣ ወንድምና እህት ትውልድ በትውልድ ሲጣመሩ የሚወጣው ዘር ይደክማል።


ጀሞ_ሦስት
ማክሰኞ

እሺ ጋሼ፣ እንዳሉት ስድስት እወስዳለሁ። የሰሚት ልጅ፣ ሲደርሱ ደውልልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ከሰሚት ጀሞ መንገዱ ረጅም ነው፣ በፌስታል ይደርሳሉ?


የሰሚት_ልጅ
ማክሰኞ

ይደርሳሉ። ከአንድ ቀን በፊት ምግብ አቆምላቸዋለሁ። ፌስታሉ አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ የቀረው አየር ይሆናል። ክዳን ያለው ባልዲ ካለህ ግን ይዘህ ና፣ በታክሲ ፌስታል ሰው እግር ሥር ይገባል።